ግንብ አገኘሁ ብሎ ከመጮህ በፊት

ከጎንደር ዙሪያ እስከ ጣና ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው የፈረሰ ግንብ ማየቱ አይቀርም። ቁልቁለቱን ወርዶ ኮረብታውን ሲዞር፣ ከቁጥቋጦ መሀል የኖራ ግድግዳ ብቅ ይልበታል። አንዳንዱ በስልኩ ካርታ ላይ የለም። አንዳንዱ ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ሳለ ፍየል ያድርበታል። እኔ እንግዳ እየመራሁ በእነዚህ ቦታዎች ስመላለስ ኖሬአለሁ። የሚገርመኝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥፋት ማጥፋቱ ነው። አዲስ ስህተት ይዞ የሚመጣ እንኳ ጠፋ።

ስለ ውሃ፣ ስለ ኮፍያና ስለ ጫማ አልናገርም። እሱን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሰፈሩን ይዙር።

ስለ ጸጥታ ግን አንድ ነገር ልበል። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ዝግ ሊሆን ይችላል። ማታ ደውሉ፣ ጠዋት ስትነሱም ደግማችሁ ደውሉ። የምትጠይቁት ከተማ የተቀመጠ ወዳጃችሁን ሳይሆን እዚያው ቀበሌ ያለ ሰው ይሁን። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ በቃ፣ ይቅርባችሁ። «እዚህ ድረስ መጥተን?» ብሎ ክርክር የለም።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» ማለት

ወንድሜ፣ አላገኘኸውም። አልጠፋም ነበር።

እዚያ ግንብ ሥር ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ። ዝናብ ሲመጣ የትኛው ጥግ እንደማያፈስ ያውቃል። እናቱ ከየትኛው በኩል እባብ እንደሚወጣ ታውቃለች። ቦታው ስም አለው፣ ግጦሹ ባለቤት አለው፣ ከአጠገቡ ያለው ማሳ የሰው ርስት ነው። አንተ ያገኘኸው ነገር ቢኖር የራስህን አለማወቅ ነው። እሱም ቢሆን ጥሩ ግኝት ነው፣ አልቀልድም።

አንድ ወጣት «ማንም የማያውቀው የተረሳ ቤተ መንግሥት» ብሎ ቪዲዮ ለቀቀ። ወገቡን ይዞ ከፈረሰ ግድግዳ ፊት ቆሟል፤ የሚያሳዝን ዋሽንት ከጀርባ አስገብቶበታል። አየሁት፤ ጉዛራ ነው። እንፍራንዝ አጠገብ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጉዛራ! ከኮረብታው ግርጌ መኪና ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ከፋሲል ግቢ ጋር አብሮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ልጁ ግን ለተመልካቹ «የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም» ይላል። አስተያየት መስጫው ሥር የእንፍራንዝ ልጆች ምን እንደጻፉለት እዚህ አልደግመውም።

ይሄኛው ያሳቃል። የማያስቀው፣ እውነትም ብዙ ሰው የማያውቀውን ቦታ ከነመገኛው በስልክ መለጠፍ ነው። ከጎብኚ ቀድሞ የሚደርሰው ቆፋሪ ነው። ፎቶ ለጥፉ ግድ የለም፤ መንገዱን ግን አታሳዩ።

ሁሉንም ነገር «ፖርቱጋል የሠራው» ማለት

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ከቆመ ሰው ሁሉ «ፖርቱጋል ነው» ይላል። ድልድይ ካየ ፖርቱጋል። ግንብ ካየ ፖርቱጋል። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የመንገድ ድጋፍ ግድግዳ አይቶ «የፖርቱጋል እጅ ነው፣ ያስታውቃል» ያለኝ ሰው አለ። የተማረ ሰው ነው ደግሞ።

እስቲ ቀስ ብለን እንቁጠር። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።) በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ጠመንጃ ይዘው የመጡት በ1541 ነው። የመጡት ኢማም አህመድን፣ ግራኝን፣ ለመውጋት ነው። ቤት ሊሠሩ አልመጡም። አለቃቸው በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ኢማሙም እዚያው ወደቀ። ከዚያ ብዙዎቹ አግብተው፣ ወልደው፣ ከአገሬው ተቀላቅለው ቀሩ።

ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ደግሞ ከ1557 ጀምሮ መጡ። ከእነሱ ሁሉ ስሙ የሚነሳው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ ለአፄ ሱስንዮስ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራቱ እውነት ነው። ግን ሰውየው ፖርቱጋላዊ እንኳ አይደለም፤ ስፔናዊ ነው። ወደ እኛ አገር ሊመጣ ሲል መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆይቷል። በ1603 ገባ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ነው። ኢየሱሳውያኑን ያባረራቸውም ከዚያ በፊት ነው። ታዲያ የፋሲልን ግንብ መቼ መጥተው ሠሩለት? ከመቃብር ተነስተው?

«እሺ፣ ጥበቡን ያመጡት እነሱ ናቸው» ይሉኛል ቀጥለው። ይህ በከፊል ያስኬዳል። ግን በከፊል ነው። ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በዚያ አካባቢ የታወቀው በ1620ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነና ያወቀውም ከህንድ የመጣ ሰው እንደነበር የጻፈው ራሱ ኢየሱሳዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ነው። የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ለሱስንዮስ የሠራው አብዱል ከሪም የሚባል ህንዳዊ ግንበኛ መሆኑ፣ አንድ ግብፃዊም አብሮት እንደነበረ በዜና መዋዕል ሰፍሯል። በጎንደር ዘመን ደግሞ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ለነገሥታቱ ይሠሩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለጉብኝት ሲመጡ አያቶቻቸው ድንጋይ ባነሱበት ግቢ ቆመው «ፖርቱጋል ሠራው» ሲባል ይሰማሉ። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ተሸክሞ ኮረብታ ያወጣው የአገሬው ሰውስ? እሱን የሚጠራው ማንም የለም።

እዚህ ላይ ጉዛራ ራሱ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው። በልማድ የአፄ ሠርጸ ድንግል ነው ይባላል፤ የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው። ግድግዳው ግን በኖራ የተያያዘ ነው። ኖራ በ1620ዎቹ ከታወቀ እንዴት ሆኖ? ስለዚህ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ልማዱን ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ግንቡን ወደ ቀጣዩ ምዕተ ዓመት ይገፋዋል። እኔ እንግዳዬን ግድግዳው ሥር አቁሜ ሁለቱንም ነው የምነግረው። «ፖርቱጋል» ብሎ ማለፍ እኮ ይህን ሁሉ ጨዋታ ማጣት ነው።

ሽማግሌን መልስ እያጎረሱ መጠየቅ

እስቲ ይህን ስሙ። እንግዳዬ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አለ። ስልኩን ለድምፅ ከፈተ።

«አባቴ፣ ይህን ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት?»

«አዎ ልጄ።»

«የፋሲልም እጅ አለበት አይደል?»

«እሱም አለበት።»

«ከሥሩ እስከ ጎንደር የሚያደርስ ዋሻ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?»

«አይጠፋም።»

እንግዳዬ ደስ አለው። ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ሦስት ማረጋገጫ አገኘ። ሽማግሌው ግን ያደረጉት እንግዳ ማስተናገድ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው አንድ ነገር በጣም ፈልጎ ሲጠይቅ «የለም» ማለት ነውር ነው። ዋሻም ቢፈልግ ዋሻ፣ ወርቅም ቢፈልግ ወርቅ ይሰጡታል።

እሱ ፎቶ ሊያነሳ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። «አባቴ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ይህን ቦታ ማን ይሉት ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ነገሩኝ። የምሥራቁ ግድግዳ የወደቀው ከብት ባለቀበት ክረምት መሆኑን፣ ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ እንደተሰማ፣ አባታቸው ከቅስቱ ሥር እንዳይጫወቱ ይከለክሏቸው እንደነበር፣ ከወደቀው ድንጋይ ውስጥ የቱ ለማን ቤት መሠረት እንደሄደ ሁሉ አወሩልኝ። ስለ ነገሥታት አንድም ቃል አልተናገሩም። ለእኔ ግን የዚያን ቀን ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

የሚያውቁትን ጠይቋቸው። ማን ሲፈርስ አየ? በር የነበረው በየት በኩል ነው? ድሮ ክረምት ክረምት ማን ይጠለልበት ነበር? ስለ ሱስንዮስ ከፈለጋችሁ መጽሐፍ አለ።

ሰላምታ ሳይሰጡ ቀጥታ ወደ ግንቡ ማምራትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ገበሬ እያረሰ በማሳው ጥግ ካሜራ ተሸክሞ ማለፍ ምን ማለት ነው? «እንዴት ዋላችሁ» በሉ፤ መሬቱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። የሚያሳያችሁን ልጅ ስትይዙም ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኋላ ላይ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይህ ይሻላል።

ተረቱን መናቅ፣ ወይም ተረቱን መዋጥ

ደንቀዝ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደጋው ላይ ነው። ነፋሱ ይቆርጣል። ሱስንዮስ ከጎንደር መቆርቆር በፊት መናገሻቸው ያደረጉት እዚያ ነበር። እዚያ የወጣ ሰው የሚሰማው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ቀይረው ካቶሊክ ሆኑ፤ አገር በደም ታጠበ፤ በመጨረሻ ምላሳቸው ተጎልጉሎ ወጣ፣ አልመለስ አለ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ሲታወጅ ምላሱ ተመለሰ።

ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ይህን ሰምቶ ይስቅና ማስታወሻውን ይዘጋል። ሁለተኛው ቃል በቃል ወስዶ «በታሪክ የተረጋገጠ» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱም ያበሳጩኛል፤ የመጀመሪያው ትንሽ ይብሳል።

የተጻፈውን ከጎኑ አስቀምጡት። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው ከእነሱ ጋር አድገዋል፤ የውጊያ ስልታቸውንም ተምረዋል። በ1607 ነገሡ። በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣና በየካቲት 1626 እዚያው ደንቀዝ ላይ ንጉሡም መኳንንቱም ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። እስቲ ነፋሱ የሚቆርጠውን ያን ሜዳ እያያችሁ ይህን አስቡት። ሜንዴዝ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ አለ። ግዝረት ቀረ፣ ቅዳሜን ማክበር ቀረ። ገበሬው የአባቶቹን ታቦት ትቶ የት ይሂድ? አመፅ ላይ አመፅ ተነሳ። በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ትልቅ ውጊያ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ያሸነፉት ንጉሡ ናቸው። ግን ሜዳው ላይ የወደቀው የራሳቸው ሕዝብ ነበር። በዚያው ዓመት ሃይማኖቱን መለሱ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ጥቂት ወራት ቆይተውም ሞቱ። የተቀበሩት አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው።

አሁን ወደ ምላሱ ተመለሱ። በአፉ የማለ ንጉሥ በምላሱ ተቀጣ ብሎ የሚያወራ ሕዝብ ምን እያለ እንደሆነ አይገባችሁም? ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፣ ለየብቻ ግን። ይህ የሰማሁት፣ ይህ ያነበብኩት፣ ይህ በዓይኔ ያየሁት። ሦስቱን የሚቀላቅል ማስታወሻ በዓመቱ ለራሳችሁም አይጠቅማችሁም።

ዘመን ማምታታት

ጎንደር የተቆረቆረው በ1628 ነው ወይስ በ1636? ሁለቱም ልክ ነው፤ አንዱ የኛ ነው፣ ሌላው የፈረንጅ። ችግሩ መጽሐፉ አንዱን፣ ሰሌዳው ሌላውን፣ አስጎብኚው ደግሞ አፉ ላይ የመጣውን መጠቀሙ ነው። ለጥምቀት ከዋሽንግተን የመጣ አንድ እንግዳዬ የፓኤዝን ዓመት የኛ መስሎት ስምንት ጨምሮበት፣ የጎንደርን 1628 ግን እንዳለ ይዞ ሲሰማኝ ውሎ ማታ ላይ ፓኤዝ ለፋሲል ግንብ እንደሠራ በሒሳብ አረጋገጠልኝ። ደግነቱ ምሳውን የከፈለው እሱ ነው። የኢየሱሳውያኑ ደብዳቤዎች በፈረንጅ ዘመን የተጻፉ ስለሆኑ ለዚህ ታሪክ እኔ በዚያው እቆጥራለሁ። እናንተ በፈለጋችሁት ቁጠሩ፤ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ማለትን ግን አትርሱ።

ግድግዳ ላይ መውጣት

አትውጡ።

ኖራ ዝናብ ሲደጋገምበት ይታጠባል። ከውጭ ሲያዩት የጸና የሚመስለው ድንጋይ ከጀርባው አፈር ብቻ ሊሆን ይችላል። የዋርካ ሥር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን የሚፈነቅለውን ያህል አንዳንዴም አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ጎረምሳ ለፎቶ ብሎ ክብ ግንቡ ጫፍ ወጣ። «ውረድ» ስለው «አይዞህ፣ ጠንካራ ነው» ይለኛል፣ እየረገጠ ሊያሳየኝ። በሁለተኛው እርግጫ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ሄደ። እሱ በዋርካው ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋቢዬንና የአንድ እረኛ ጋቢ ቋጥረን፣ እረኛው በሌላው በኩል ዞሮ፣ ስንት ተጨንቀን አወረድነው። እረኛው ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ጎረምሳው መሬት እንደረገጠ መጀመሪያ የጠየቀው ስልኩን ነው። ድንጋዩ ግን አራት መቶ ዓመት ከቆየበት ወርዷል፤ መልሶ የሚያስቀምጠው የለም።

ደረጃውም ያው ነው። ክብ ግንቡ ውስጥ የሚዞረው ደረጃ መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ውስጡም ጨለማ ነው።

መቆፈርና ድንጋይ ኪስ መክተት

«ወርቅ ተቀብሯል» የማይባልበት ግንብ የለም። ነገሥታቱ ወርቃቸውን ለጦርና ለቤተ ክርስቲያን አውጥተው ጨርሰዋል። አንዳንዱ ሰው ግን አያምንም። ከግድግዳ ሥር አዲስ የተማሰ ጉድጓድ፣ ላዩ በእሾህ ቅርንጫፍ የተሸፈነ፣ አይቻለሁ። ቆፋሪው ወርቅ አላገኘም፤ መሠረቱን ግን አራቁቶታል። በሚቀጥለው ክረምት ጥጉ ወረደ።

ጎብኚው ደግሞ «ትንሽ ማስታወሻ» ይላል። ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር ባለው ማርያም ግንብ፣ ኢየሱሳውያኑ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያው አበባ በተቀረጸባቸው ድንጋዮች ያጌጠ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ፈርሷል። አበባ ያለበትን ስባሪ መሬት ላይ ያየ ሰው እጁ ይበላዋል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የወደቀ ድንጋይ የወደቀበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው። ከየት እንደወደቀ፣ ጣሪያው በየትኛው በኩል እንደተናደ የሚታወቀው በእሱ ነው። የስፔን አርኪኦሎጂስቶች አዘዞን፣ ደንቀዝንና ጎርጎራን ለዓመታት ሲያጠኑ እያንዳንዱን ነገር ባለበት እየለኩ ነው የሠሩት። አንዱን ገልብጦ ፎቶ አንስቶ ሌላ ቦታ መወርወር ከመስረቅ ብዙም አይሻልም።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ እንዲያስታውቅ ያዛል። (ይህኛው 1992 የኛው ነው።)

«ይሄ ብቻ ነው?»

ፋሲል ግቢን አይቶ በማግስቱ ወደ ፍርስራሽ የሚመጣ ሰው የሚለው ይህን ነው። ጣሪያ የለ፣ በር የለ፣ ትኬት ቆራጭ የለ። ፊቱ ሲጨልም አየዋለሁ።

አልፈርድበትም፤ ማየት አልተማረም። ግድግዳውን ከውስጥ በኩል እዩት። በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች አሉ? የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ይገባባቸው የነበሩ ናቸው። እንጨቱ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ በስብሷል፣ ወይ የሰው ቤት ወራጅ ሆኗል። ቀዳዳው ግን ፎቁ የት ጋ እንደነበር ይነግራችኋል። ከላይ ሌላ መስመር ካለ ሌላ ፎቅ ነበረ ማለት ነው። መስኮት የሚመስለው ነገር እግሩ ወለሉ ድረስ ከወረደ መስኮት አይደለም፤ ወደ ሰገነት የሚያወጣ በር ነው። ጥግ ጥጉን ፈልጉ፤ ልስን የቀረው ዝናብ በማይደርስበት በኩል ነው። ጎንደር ላይ የመስኮቱ ዙሪያ ቀይ ድንጋይ እንደሆነ ካስተዋላችሁ፣ እዚህ አለ ወይስ የለም ብላችሁ አነጻጽሩ። ንጉሡ መስኮቱን ወዴት እንደከፈተ ዙሩና ተመልከቱ። ከጉዛራ ጣና ይታያል። ያንን መስኮት እዚያ በኩል ያስከፈተ ሰው ጠላትን ብቻ ሲጠብቅ የኖረ አይመስለኝም።

ይህን አንዴ ያሳየሁት ሰው ምሳ ሰዓት ደርሶ እንኳ አልነሳ ይለኛል። እንዲህ ያለውን ጀማሪ እወደዋለሁ፣ ቢያስርበኝም።

አጫጭሮቹ

በክረምት ደምቢያ ሜዳ መግባት። ዋልካው ጫማ ያወልቃል፤ እናንተንም ጭምር። መስከረም አጋማሽ እስኪያልፍ ጠብቁ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያዙ።

ዘግይቶ መነሳት። ሰው አራት ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላና ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ገና ብርሃን ነው» ይላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የጅብ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዝም ብሎ መግባት። ብዙ ፍርስራሽ ከደብር አጠገብ ወይም ደብር ውስጥ ነው። ቄሰ ገበዙን ፈልጉ፣ አስፈቅዱ፣ ጫማ አውልቁ። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። መቃብሩ ላይ ደግሞ አትቀመጡ፤ ድንጋይ ሁሉ ወንበር አይደለም።

ስም መጻፍ። በከሰልም፣ በቢላም፣ በፍቅርም ቢሆን።

ድሮን። ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሱ ቀላሉ ምክንያት ነው። ከባዱ ምክንያት ግን በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር ገበሬ ሰማይ ላይ ያን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ነው። ልጆች ወደ ቤት ሲሮጡ አይቻለሁ። ቤታችሁ ተዉት።

አይቶ ዝም ማለት

ግንቡ እውነትም ያልተመዘገበ፣ ሰሌዳ የሌለው፣ በመጽሐፍ ያላያችሁት ሆኖ ተገኘ እንበል። አብዛኛው ሰው ፎቶውን ስልኩ ውስጥ ይዞ ይሄዳል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህም ጥፋት ነው። በሁለት ክረምት ውስጥ አንድ ጥግ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የናንተ ፎቶ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ነው።

ስለዚህ በትክክል አንሱት። አራቱንም ጎን፣ ከሩቅና ከቅርብ። አንድ ሰው ግድግዳው አጠገብ ይቁም፣ ቁመቱ እንዲታወቅ። አገሬው ቦታውን የሚጠራበትን ስም፣ የቅርቡን ደብር፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ጻፉ። ያንን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ግቡ። የሚቀበላችሁ ባለሙያ ወይ ያውቀዋል፣ ያኔ ከናንተ የበለጠ ይነግራችኋል፤ ወይ አያውቀውም፣ ያኔ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያስተላልፈው ጠይቁት። ፊቱ ላይ መሰልቸት ብታዩም ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ውጡ፤ በሚቀጥለው ጉዟችሁም ጎራ ብላችሁ «ምን ደረሰ?» በሉት።